ቅርፊቱን ተወው፣ ጫፉን ላገው

ጥያቄውን ያነሳው ሥራ ከጀመረ ብዙም ያልቆየ ልጅ ነው። ቅርፊቱ ተልጦ ያለቀ፣ ሁለቱም ጫፉ በመጋዝ የተቆረጠ ወፍራም ግንድ በዋንዛ ስም ተገዝቶ በአናጢ ቤቱ ግቢ ተጋድሟል። ልጁ በስልኩ ፎቶ ሲያነሳው መተግበሪያው መጀመሪያ ዋንዛ አለው፤ በሌላ በኩል ሲያነሳው ደግሞ እዚህ አገር በቅሎ የማያውቅ ዛፍ ስም ሰጠው። «ጋሼ፣ ቅጠልም ቅርፊትም ከሌለው የምን ዛፍ እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

መልስ የሚሰጥ አልጠፋም። አንዱ አናጢ ቀለሙን አይቶ ዋንዛ ነው ሲል ፈረደ። ሌላው አንዱን ጫፍ ብድግ አድርጎ ለዋንዛ ከበደኝ አለ። ሦስተኛው በመጥረቢያ ፈለጥ አደረገና ስንጣሪውን አሸተተ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ምላጭ አስመጣ። ዕድሜውን ከእንጨት ጋር ያሳለፈ ሰው ነውና በዚህ ጉዳይ ከአቋሙ ፍንክች አይልም፤ ግንድ ማንነቱን የሚሰጠው በጫፉ ነው፣ ያውም ጫፉ በስለት ከተቆረጠ ብሎ ያምናል።

ቀለም ያሳስታል። ዋንዛ ገና ሲቆረጥ ፈዘዝ ያለ ነው፤ ብርሃንና አየር ሲያገኘው እየጠቆረ ወደ ቡናማ ይሄዳል። የአብዛኛው ዛፍ የውጭኛው ክፍል ነጣ ያለ ስለሆነ፣ ከለጋ ዛፍ የመጣ ግንድ የእምብርቱን ቀለም የሚያሳይበት ቦታ ጠባብ ነው። ክብደትም ቢሆን ከዚህ አይሻልም። ትኩስ ግንድ ከደረቅ አካሉ ክብደት የሚበልጥ ውኃ ሊይዝ ይችላል፤ ትናንት የተቆረጠው ቀላል እንጨት ከርሞ ከደረቀው ከባድ እንጨት ሊከብድ ይችላል። ሽታን በተመለከተ ለጥድ ክብር መስጠት ተገቢ ነው። ጥድን አንድ ጊዜ ያሸተተ አይረሳውም። ችግሩ አብዛኛው ዛፍ እንደ ጥድ የሚናገር ሽታ የሌለው መሆኑ ነው።

እንግዲህ ወደ ምላጩ። መጋዝ የእንጨቱን ጭረት እየቦጨቀ ነው የሚያልፈው፤ የተቦጨቀው ጭረትና ዱቄቱ በጫፉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደፍናሉ። መተግበሪያው የተሳሳተውም ከዚህ የተነሳ ነው፤ ፎቶው ላይ የነበረው የመጋዙ ጥርስ ያለፈበት ምልክት እንጂ እንጨቱ አይደለም። በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስን የሚመርጡ ባለሙያዎች አሉ። ከሻካራው ወደ ልሙጡ በትዕግሥት ተሂዶ ዱቄቱ ተራግፎ ከወጣ ይሠራል። ሆኖም በግቢ ውስጥ፣ በችኮላ፣ ገዢና ሻጭ እየተጨቃጨቁ ይህን የሚያደርግ ሰው እምብዛም አይገኝም። ምላጭ ግን ኪስ ውስጥ ይገባል።

ጫፉን በሙሉ መላግ አያስፈልግም፤ አውራ ጣት የሚሸፍነው ቦታ ይበቃል። ከእምብርቱም ከነጩም ራቅ ያለ ቦታ ተመርጦ በውኃ ይረጥባል። እንደ ወይራ ላለው ጠጣር እንጨት ሙቅ ውኃ ይሻላል። ምላጩ አዲስ መሆን አለበት፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ወደ ታች ሳይጫኑ አግድም ስብ ማድረግ ነው፤ የሚነሳው ልጣጭ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ከሆነ ቆረጣው ተሳክቷል። ከዚያ አሥር እጥፍ የሚያጎላው ትንሽ ሌንስ ዓይን ሥር ይለጠፋል፤ የሚቀርበውና የሚርቀው እንጨቱ ነው። ጀማሪዎች ሌንሱን እንጨቱ ላይ ይደፉትና ምንም አይታየኝም ይላሉ።

ያ ግንድ እንዲህ ሲታይ ዋንዛ ሆኖ አልተገኘም። ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ የሚሄዱት ጨረሮች ያለ ሌንስም የሚታዩ ሰፋፊ ናቸው። በሁለት ጨረሮች መካከል ደግሞ ቀዳዳዎቹ ነጣ ካለ ህዋስ ጋር ተሰልፈው፣ እንደ አንገት ሐብል ቅስት ሠርተው ከጨረር ወደ ጨረር ተዘርግተዋል። ይህ ከአውስትራሊያ መጥቶ በየቡና ማሳውና በየግቢው የተተከለው የግራቪሊያ መለያ ነው። በዋንዛ ላይ ነጣ ያለው ህዋስ በየቀዳዳው ዙሪያ ይሰበሰባል እንጂ እንዲህ ያለ ቅስት አይሠራም። ሁለቱም ሲሰነጠቁ በጣውላው ፊት ላይ የሚያብለጨልጭ ነጠብጣብ ስለሚያወጡ፣ ጣውላውን ብቻ ያየ ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም።

ሌሎቹም በጫፋቸው ይለያያሉ። ዝግባና ጥድ ውኃ የሚያሳልፉት በጥቃቅን ህዋሶቻቸው በኩል ስለሆነ፣ ዋንዛና ወይራ ያላቸው ዓይነት ቀዳዳ የላቸውም። በንጹሕ የተቆረጠ ጫፍ ላይ አንድም ቀዳዳ ካልታየ ምርጫው ወዲያው ይጠብባል፤ ጥድና ዝግባን ለመለየት ያን ጊዜ ሽታ ይጠራ። በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ወደ አገር እንደገባ የሚነገርለት ባሕር ዛፍ ቀዳዳዎቹ ለየብቻቸው ናቸው፤ አይጣመሩም፣ በሰያፍ ይሰለፋሉ። የቀረሮ ቀዳዳዎች በአንጻሩ ሁለትና ሦስት ሆነው በጨረሩ አቅጣጫ ይያያዛሉ፤ እነሱን አቋርጠው ቀጫጭን ነጣ ያሉ መስመሮች ተደርድረው ያልፋሉ። የወይራ ቀዳዳዎች በጣም ደቃቅ ስለሆኑ ያለ ሌንስ ጫፉ ድፍን ይመስላል። ሌንስ የማይፈታውም አለ። ነጭና ቀይ ባሕር ዛፍን በጫፍ ቀዳዳ ብቻ ለመለየት የሚሞክር ሰው ከሚችለው በላይ ቃል እየገባ ነው።

የስልኩ ደጋፊዎች ዘመኑ የማሽን ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን ማሽኑ ራሱ የሚያየው የት ነው? በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ በማዲሰን ከተማ የሚገኘው የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ ዛይሎትሮን የተባለ በካሜራ እንጨት የሚለይ መሣሪያ ሠርቷል። መሣሪያው የሚያነሳው ፎቶ ተስተካክሎ የለሰለሰውን የእንጨቱን ጫፍ ነው። ቅርፊት አያይም።

በዚሁ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው አርተር ኮህለር ስሙ የገነነው በአንድ መሰላል ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. የአብራሪው ቻርልስ ሊንድበርግ ሕፃን ልጅ ሲታፈን ወንጀለኛው በእጅ የተሠራ መሰላል ጥሎ ሄደ። ኮህለር መሰላሉን ፈታታው፤ ከየትኞቹ ዛፎች እንደተሠራ ለየ፤ የመላጊያው ማሽን በጣውላው ላይ የተወውን ምልክት ተከትሎ ደቡብ ካሮላይና ያለ መሰንጠቂያ ደረሰ፤ ከዚያም በኒው ዮርክ ብሮንክስ እስካለው የጣውላ መሸጫ ዘለቀ። የመሰላሉ አንዱ ቋሚ የእንጨት ጭረቱም የሚስማር ቀዳዳውም በጠለፋው ከተከሰሰው ሰው ቤት ጣራ ሥር ካለው ወለል ጋር ገጠመ። ኮህለር በ1935 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት ቀርቦ ይህንኑ መሰከረ። የመሰላሉ እንጨት አብዛኛው ጥድ ነክ ስለሆነ ታሪኩ ከዋንዛና ግራቪሊያ ትንሽ ይርቃል፤ ቢሆንም እንጨት ከተቆረጠ በኋላም ማንነቱን እንደያዘ የሚቆይ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ ይህ ጸሐፊ አያውቅም።

እዚህ አገርም ጉዳዩ ከአናጢ ቤት ግቢ ያልፋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ቅርፊቱ ተልጦ የተጫነ ግንድ ኬላ ላይ ሲቆም፣ ዝግባ ነው ወይስ ግራቪሊያ የሚለውን የሚፈታው ጫፉ ብቻ ነው። አንድ ምላጭና አንድ ሌንስ ለኬላ ጠባቂ ብዙ ወጪ አይደሉም።

የጸሐፊው እናት ምላጭም ሌንስም አልነበራቸውም። ጎጃም ውስጥ፣ ጋን ለማጠን ወይራ ሲፈልጉ፣ ከተቆለለው ፍልጥ መካከል በእጃቸው ዳስሰው ያወጡ ነበር፤ ሌላ እንጨት ከገባ የጠላው ጣዕም ይበላሻል ይሉ ነበር። ዛፉን ከነቅጠሉ፣ ከነአበባው፣ ማን ግቢ እንደበቀለ ጭምር ያውቁት ነበር። ልጃቸው ከተማ ገብቶ የሚያገኘው ግንድ ግን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ቅጠል ያልተከተለው ነው። እሳቸው በእጃቸው ያውቁት የነበረውን እሱ በሌንስ መልሶ መማር ነበረበት፤ ሥራውን የወደደውም ያን ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ነባር ቤቶች ሲፈርሱ ጭስ የጠጣ ምሰሶና ወራጅ ይለምናል። ከላይ ጥቁር የሆነው እንጨት ጫፉ ሲላግ ውስጡ ቀይ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ የጥድም ሽታ ያን ሁሉ ዘመን ቆይቶ ይነሳል። ቤቱን ማን እንደሠራው የሚያስታውስ ሰው ባይገኝም ከምን እንደተሠራ ይታወቃል።

ከእንዲህ ያሉ እንጨቶች የተወሰዱ ቁራጮች በጸሐፊው ዘንድ በአንድ ሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። ማዲሰን ያለው የላቦራቶሪው የእንጨት ስብስብ ከ100,000 በላይ ናሙና አለው፤ ይህ ሳጥን ከእሱ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ አናጢው ሲጠራጠር ግን የሚያመሳክረው ከዚህ ነው። በየቁራጩ ላይ የዛፉ ስም፣ የተገኘበት ቦታና የተቆረጠበት ዓመት ይጻፋል፤ ቦታው ያልታወቀ ቁራጭ አይገባም። ከሚፈለጉት ውስጥ እስካሁን ያልገባው ጥቁር እንጨት የተባለው ዛፍ ነው። ቅርፊቱ ለፕሮስቴት መድኃኒት ስለሚፈለግ፣ የውጭ ንግዱ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይቲስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ለናሙና ብሎ ቆሞ ያለውን ዛፍ መቁረጥም አይገባም። ነፋስ የጣለው ቅርንጫፍ የደረሰው አናጢ ካለ፣ ጣት የምታህል ቁራጭ፣ ከቀበሌው ስም ጋር፣ ትበቃለች።