ከዛሬው አክሱም በታች፤ ስለ ሦስት የቍፋሮ ዘገባዎች የቀረበ ትችት

የጥንቱን አክሱም ለማወቅ የሚሻ ተማሪ ሦስት ታላላቅ ዘገባዎችን ማንበብ ግድ ይሆንበታል። የመጀመሪያው ኤኖ ሊትማን የመሩት የጀርመን የጥናት ጓድ በ1906 መርምሮ በ1913 በበርሊን ያሳተመው የአራት ቅጽ መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ኔቪል ቺቲክ ከ1972 እስከ 1974 የቈፈሩትን የሚተርከው፥ እርሳቸው ካረፉ በኋላ ስቱዋርት መንሮ ሄይ በ1989 ያወጡት ነው። ሦስተኛው ዴቪድ ፊሊፕሰን ከ1993 እስከ 1997 ያደረጉት ምርመራ ሲሆን፥ በ2000 በሁለት ቅጽ ታትሟል። (ከአንድ አዋጅ በቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) የእነዚህን ሊቃውንት ድካም ማቃለል አሳባችን አይደለም፤ ነገር ግን ሦስቱን ጐን ለጐን ስናነብ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ቍፋሮው የት ተደረገ? የትስ ሳይደረግ ቀረ?

የዛሬው አክሱም በጥንቱ አክሱም ላይ ተሠርቷል። ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ መቈፈር አይቻልምና መርማሪዎቹ በአብዛኛው የቈፈሩት ባዶ ሆኖ ባገኙት መሬት ነው፤ ይኸውም በሐውልቶቹ ዙሪያ፥ በመቃብሮቹና በከተማው ዳር ነው። ፍራንሲስ አንፍሬ ከ1966 እስከ 1968 የቈፈሩት፥ ሕዝቡ የንግሥተ ሳባ ቤት የሚለው የዱንጉር ሕንፃም ከከተማው በስተምዕራብ ይገኛል። እንግዲህ ከሁሉ አብልጠን የምናውቀው የነገሥታቱን መቃብርና የመኳንንቱን አዳራሽ ነው። ሐውልቱን የጠረበው ሠራተኛ፥ እህል የፈጨችው ሴት፥ ገበያ የወጣው ነጋዴ ግን ከዛሬዎቹ ቤቶች በታች ተኝተው ቀርተዋል።

ይህ ጕድለት ፍርድንም ያዛባል። ከአፈሩ መቃብርና አዳራሽ ሲወጣ አንባቢው አክሱም የመኳንንት ከተማ ብቻ ነበረች ወደሚል አሳብ ይሳባል። ነገር ግን አልተገኘም ማለት አልነበረም ማለት አይደለም። ለዚህ ምስክሩ ራሱ የፊሊፕሰን ዘገባ ነው፤ ጓዳቸው ከመቃብሩ ሌላ መኖሪያ ቦታዎችንም በመቈፈሩ የስንዴ፥ የገብስና የጤፍ ቅንጣት ከአፈር ለይቶ አውጥቷል። ከሦስቱ ስለ ተራው ሰው ኑሮ አብልጦ የሚያስተምረን ይህ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የታእካ ማርያም ነገር ነው። ጀርመኖች ፕላኑን ያነሡት ይህ ታላቅ ቤተ መንግሥት በጣልያን ወረራ ዘመን መንገድ ተሠርቶበት አብዛኛው ጠፋ። ዛሬ ስለ እርሱ ዋናው ምስክር የ1913ቱ መጽሐፍ ነው።

መንገድ ግን ሁልጊዜ ታሪክን አያጠፋም። በአሜሪካ የፊኒክስ ከተማ የተሠራችው ሆሆካም የተባሉ ጥንታውያን ገበሬዎች ቦይ ቈፍረው፥ ወንዝ ጠልፈው በኖሩባቸው መንደሮች ላይ ነው። ብዙው ሳይመረመር ጠፍቷል፤ ሆኖም ከተማዪቱ በ1929 የራሷን የአርኬዎሎጂ ዐዋቂ ሾመች፤ በ1980ዎቹም አውራ ጐዳናው ከማለፉ በፊት ላ ሲዩዳድና ላስ ኮሊናስ የተባሉት መንደሮች ተቈፈሩ። በዚያም የገበሬው ጐጆና ምድጃ ታወቀ። የገንዘብ ልዩነት የለም አንልም፤ ዋናው ልዩነት ግን ምርመራው ከግንባታው መቅደሙ ነው። በአክሱምም ከሮማ የተመለሰው ሐውልት በ2008 ከመተከሉ በፊት መሬቱ ተመርምሮ ሌሎች የምድር ውስጥ ክፍሎች መኖራቸው ታውቋል። ለሐውልት የተደረገው ጥንቃቄ ለተራው ሰው መንደር ለምን አይደረግም?

በአገራችንም ሕግ አልጠፋም። አዋጅ ቍጥር 209/1992 (ይህ በእኛ አቈጣጠር ነው) ለሕንፃ፥ ለመንገድ ወይም ለማዕድን ሲቈፍር ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅና ያገኘውን እንዲጠብቅ አዝዟል። ነገር ግን ያገኘውን ምንነት የማያውቅ ሰው ምን ያስታውቃል? የሸክላ ገልና የምድጃ አመድ ለቈፋሪው ጥራጊ፥ ለመርማሪው ግን ሰነድ ነው። ሦስቱ ዘገባዎች የተጻፉት በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ ዶማውን የያዘው የአክሱም ሰው የሚናገረው ግን ትግርኛ ነው። ትልቁ ነቀፋችንም ይህ ነው።

ነገሩ የአክሱም ብቻ አይደለም። እኛ በምንኖርበት በኮልፌ ቀራኒዮም የቤት መሠረት ይቈፈራል። አዲስ አበባ በ1886 ተቈረቈረች ሲባል ምድሩን ከዚያ በፊት ሰው አያውቀውም ማለት አይደለም፤ ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአዋሽ ዳር የምትገኘው፥ በ2024 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው መልካ ቁንጥሬ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቈጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተውባታል። ስለዚህ ከመምህራኖቻችን ጋራ ሆነን የእነዚህን ዘገባዎች ፍሬ ነገር በትግርኛና በአማርኛ በአጭሩ ብናዘጋጅና ግንበኛውና ቀን ሠራተኛው እጅ ብናደርሰው ትልቅ ሥራ ነው። ከሊቅ አስቀድሞ አፈሩን የሚገልጠው እርሱ ነውና።