«ስምንቱ የንግግር ክፍሎች» በሕፃናት የሰዋስው ትምህርት

በመጀመሪያ ደረጃ የአማርኛ ትምህርት «ስምንቱ የንግግር ክፍሎች» የሚለው ርእስ ለረጅም ዘመን ጸንቶ ኖሯል። ስያሜውም፣ ክፍፍሉም፣ ብያኔውም ግን ምርመራ ያሻቸዋል።

በአማርኛ «ንግግር» ሲባል በሕፃኑ አእምሮ የሚመጣው ዲስኩር ወይም ጭውውት ነው። የሚመደቡት ግን ቃላት ስለ ሆኑ «የቃል ክፍሎች» ማለት ይቀላል፤ ይበልጥም ይስማማል።

ቁጥሩም የተቀደሰ አይደለም። የላቲን ሰዋስው ሊቃውንት ከግሪክ በወረሱት ዝርዝር ውስጥ የነበረውን፣ በቋንቋቸው ግን የሌለውን፣ የእምርነት አመልካች ቃል ትተው ቃለ አጋኖን በመጨመር ስምንትነቱን ጠበቁ። በእኛም ዘንድ ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ስምንቱን ሲከተሉ፣ ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» ተውላጠ ስምን በስም፣ መስተፃምርን በመስተዋድድ ሥር አጠቃለው ክፍሎቹን አምስት አድርገዋል።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚጎዳው ግን ብያኔው ነው። «ግሥ ድርጊትን የሚገልጥ ቃል ነው» ተብሎ የተማረ ሕፃን «ሩጫ»ን ግሥ ቢል ትምህርቱን በታማኝነት ተከተለ እንጂ አልሳተም፤ «ነው» እና «አለ» ግን ድርጊት ሳይገልጡ ግሦች ናቸው። «ቅጽል ስምን ይገልጣል» ከተባለም በ«የድንጋይ ቤት» ውስጥ «የድንጋይ» ቅጽል ሊሆን ነው። መስተዋድድማ ይብሳል፤ «ቃል ነው» ይባላል፣ ሕፃኑ ግን «በ»ን፣ «ለ»ን፣ «ከ»ን ብቻቸውን ተጽፈው አያገኛቸውም። «ከቤት» በጽሕፈት አንድ፣ በሰዋስው ሁለት መሆኑን ሳያስረዱ «የቃሉን ክፍል ጻፍ» ማለት ፍትሕ የጎደለው ጥያቄ ነው።

መፍትሔው ቋንቋው ራሱ የሚሰጠውን ምልክት ማሳየት ነው። ግሥ እንደ ባለቤቱ መደብ ይለዋወጣል፦ እኔ ሮጥሁ፣ አንተ ሮጥህ፤ እኔ ነኝ፣ አንተ ነህ። በዚህ ፈተና «ነው» ግሥ ሆኖ ይገኛል፤ «ሩጫ» ይወድቃል። «በጣም ትልቅ ቤት» ይባላል፤ «በጣም የድንጋይ ቤት» ግን አይባልም። ይህን ለመፍረድ ሕፃኑ መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ አፉን የፈታበት ቋንቋ ይበቃዋል። አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት ለሚማረው ግን ይህ የጆሮ ዳኝነት ገና ስላልዳበረ፣ ምሳሌው በርከት ብሎ ከስያሜው ሊቀድም ይገባል።

እርግጥ ነው፣ ቅርጽን ብቻ መከተልም ወሰን አለው፤ «ክፉኛ»ን የመሰሉ ተውሳከ ግሦች ጥቂት ናቸው፤ ሁኔታን በአብዛኛው የምንገልጠው «በፍጥነት» በመሰለ ሐረግ ነው። ስለዚህ በየደረጃው የሚሰጠው የክፍል ብዛት በቋንቋው ማስረጃ እንጂ በውርስ ቁጥር መወሰን የለበትም። ሕፃኑ ብያኔ ከሚሸመድድ ይልቅ «ለምን ግሥ አልኸው?» ተብሎ ሲጠየቅ ምክንያት መስጠት ቢችል፣ ሰዋስው ተማረ የሚባለው ያን ጊዜ ነው።