ጾምና የምግብ እምቢታ፤ ስለ አንድ መጽሐፍ የቀረበ ትችት

አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ሩዶልፍ ቤል በ1985 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) «ሆሊ አኖሬክሲያ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ፤ «የቅድስና የምግብ እምቢታ» እንደ ማለት ነው። ከ1200 ወዲህ በቅድስና የታወቁ 261 የኢጣልያ ሴቶችን መርምረው፣ የብዙዎቹ ጾም ሐኪሞች «አኖሬክሲያ ነርቮዛ» ከሚሉት በሽታ ጋራ አንድ ሥር አለው ይላሉ። ሥሩም በሌላ ሰው ሥልጣን የምትኖር ሴት በገዛ አካልዋ ላይ ለማዘዝ የምታደርገው ትግል ነው።

መጽሐፉ አንድ ቁም ነገር አስተምሮናል፤ በሽታው የቅጥነት ፋሽን የወለደው ብቻ አይደለም። በ1873 ስለ በሽታው የጻፉት እንግሊዛዊው ጋልና ፈረንሳዊው ላሴግም የውፍረትን ፍርሃት ዋና ምልክት አላደረጉትም። ይህን ግዴታ ያደረገው የ1980 የአሜሪካ ሐኪሞች መመሪያ ነው፤ በ2013 ግን ተሻሽሏል። በደቡብ ጎንደር ደጋ «ወፈርሽ» ማለት ብዙ ጊዜ ምስጋና ስለሆነ፣ ነገሩ ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው።

ይሁን እንጂ ጸሐፊው ብቻዋን የምትጾመውን እንጂ ከማኅበር ጋራ የሚጾመውን አላዩም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ፍቺም አለው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ሲጾም የደብረ ታቦር በዓል፣ ቡሄ፣ በ13 በመካከሉ ይውላል፤ ልጆችም እየጨፈሩ ሙልሙል ይቀበላሉ። ጾመኛ በሰዓቱ ከሰው ጋራ ይበላል፤ ሕመምተኛም ከጾም ይፈታል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት የበሽታው ምልክት መጾም ሳይሆን መፈሰክ አለመቻል ነው። ፋሲካ መጥቶ ሁሉ መሶቡን ሲከብ እርስዋ ብቻ ትሸሻለች።

ይህ ልዩነት በደብረ ታቦር ሆስፒታል የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። የመነመነ አዋቂ ሰው ሲመጣ ሐኪም አስቀድሞ ሳንባ ነቀርሳን፣ ኤች አይ ቪን፣ የስኳር በሽታን መፈለጉ ተገቢ ነው። እነዚህ ከሌሉ ግን «ጾም ሲፈታ ትበያለሽን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። አገራችን የምትሠራበት የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሕክምና መመሪያ በ2010ሩም ሆነ በ2016ቱ እትም ስለዚህ በሽታ ምዕራፍ የለውምና፣ ጥያቄው ከሐኪሙ ማስተዋል መምጣት አለበት።

በሽታው ከታወቀም በኋላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ቢመገብ በደሙ ያለው ፎስፈረስ ይወርድና ልቡ ሊደክም ይችላል። ዘመድ በፍቅር «በሞቴ!» እያለ የሚያጎርሰው ጉርሻ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ምግቡ በልክና በደም ምርመራ እየታየ ይጨመራል። ክብደት መመለሱም ብቻውን ፈውስ አይደለም፤ የንግግር ሕክምና መከተል አለበት።

ቤል ጾምንና በሽታን አቀራርበዋል፤ እኛ ደግሞ መለየትን መማር አለብን። ከሐኪሙ በፊት የምትታየው ለንስሐ አባትዋ ስለሆነ፣ ሁለቱ ቢመካከሩ መልካም ነው እንላለን።