የስፒሪት ምድጃ በቶርኖ፦ ለላስታ ደጋ የሚበጀው አሠራር

የስፒሪት ምድጃ ከሞላሰስ የሚጣራውን ኤታኖል ያለ ፓምፕና ያለ ፈትል፣ በራሱ ሙቀት ወደ ተን ለውጦ የሚያነድ አነስተኛ ዕቃ ነው። ነዳጁ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ያመርተዋል፣ ጋያ ማኅበርም እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአዲስ አበባ ቤቶችና በቀብሪበያህ የስደተኞች መጠለያ የኤታኖል ምድጃን አስተዋውቋል። ከላሊበላ ተነሥቶ ወደ አቡነ ዮሴፍ ለሚወጣ መንገደኛ ግን ጥቅሙ ይበልጥ ይጎላል፤ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ ተራራ ለሻይ ማፍያ የሚቆረጠው አስታ በብርዱ ምክንያት ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበትን ደጋ ከሚያለብሱት ዕፅዋት አንዱ ነውና።

ምድጃውን ከባዶ ጣሳ በመቀስ ቆርጦ መሥራት ይቻላል፤ ቶርኖ የሚያስፈልገው ለግጥሚያው ነው። ምድጃው አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገቡ ሁለት ግድግዳዎች አሉት፤ በመካከላቸው ያለው ጠባብ ክፍተት ከታች ነዳጅ የሚያስገባ፣ ከላይ ግን የታፈነ ስለሆነ፣ የሞቀው ስፒሪት ተን ሆኖ በአፉ ዙሪያ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየወጣ ይነዳል። የላይኛው መጋጠሚያ ከላላ ተኑ በዚያው ያመልጥና ነበልባሉ በአንድ ወገን ረዝሞ በሌላው ይከስማል። ስለዚህ ባለሙያው የውስጠኛውን ክፍል ከውጭኛው አፍ በጥቂት የሚሊ ሜትር መቶኛዎች አስበልጦ ይልጠዋል፤ ውጭኛውን በእሳት አሙቆ ሲሰፋለት ውስጠኛውን ያስገባበታል፤ ሲበርድ ያለ ብየዳና ያለ ጓርኒሲዮን ይጠብቃል።

ለዚህ ሥራ ነሐስ፣ ማለትም የመዳብና የዚንክ ቅልቅል፣ ከሁሉም ይመረጣል፤ ሙቀት በደንብ ያስተላልፋል፣ አይዝግም። የመቁረጫው የላይ ገጽ ግን ጠፍጣፋ ሆኖ መሳል አለበት፤ ለብረት የተሳለው ተዳፋት ምላጭ ነሐሱን ነክሶ ወደ ውስጥ ይሳባል። ስስ ቀለበትም በባለ ሦስት ጥርስ ቻክ ሲጨበጥ ክብነቱን ያጣል፤ በመሆኑም መጀመሪያ ውጩ ወፍራም ሳለ ውስጡ ይቦረቦራል፣ ከዚያም በልኩ የተላጠ የወይራ እንጨት ተሞልቶበት ውጩ ይላጣል። ቀዳዳዎቹ በመጨረሻ፣ እኩል ተከፋፍለው፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ፑንታ ይበሳሉ፤ የጠበበውን ማስፋት ይቻላል፣ የሰፋውን ማጥበብ ግን አይቻልም።

ከፍታው የራሱን ጥያቄ ያመጣል። በባሕር ጠለል በ78 ዲግሪ የሚፈላው ኤታኖል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ላሊበላ በ71 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ምድጃው ከሞቀ በኋላ ተኑ ፈጥኖ ይነሣል፤ ነገር ግን ውኃውም በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ በተራራው አናት ደግሞ ከዚያም ዝቅ ስለሚል፣ ምድጃው ለሻይና ለሽሮ እንጂ ለንፍሮ አይመከርም። ውርጭ ባለበት ሌሊት ስፒሪቱ እሳት ለመያዝ የሚበቃ ተን ስለማይሰጥ፣ ከምድጃው ሥር ጥቂት ስፒሪት የሚነድበት ዝርግ ሳህን አብሮ መላጥ ይገባል። ይህን ሳህን እንደ ትርፍ ጌጥ የሚቆጥሩ ተሳስተዋል፤ በላስታ ደጋ ያለ እርሱ ምድጃው ሙሉ አይደለም።

የአካባቢው አረቄ ለዚህ አይሆንም፤ ዳግም አረቄ እንኳ ግማሽ ያህሉ ውኃ በመሆኑ ሙቀቱ ውኃውን በማትነን ይባክናል። ሜታኖል የተባለው ሌላ አልኮል ተኑም መርዝ ስለሆነ ፈጽሞ አይነካ። የኤታኖል ነበልባል በፀሐይ ብርሃን ለዓይን እምብዛም አይታይም፤ ስለዚህ ተጠቃሚው የጠፋ በመሰለው ምድጃ ላይ ነዳጅ ከመጨመሩ በፊት ክዳኑን ገጥሞ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቅ፣ በተዘጋ ድንኳን ውስጥም አያንድደው።