በብርሃን የሚነቃ የቆዳ መድኃኒት፦ ውዳሴውና ማስረጃው

ፎቶዳይናሚክ ሕክምና እንደ አዲስ ግኝት ቢወደስም ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1900 በሙኒክ ተማሪ የነበረው ኦስካር ራብ፣ የአክሪዲን ቀለም የነካቸው ፓራሚሲየሞች ብርሃን ሲያገኛቸው እንደሚሞቱ አስተዋለ። ዛሬ በቆዳ ላይ የሚቀባው አሚኖሌቪውሊኒክ አሲድ በሕዋሳት ውስጥ ወደ ፕሮቶፖርፊሪን ይለወጣል፤ ቀይ ብርሃን ሲያርፍበትም ሕዋስን የሚገድል የኦክስጅን ዓይነት ይፈጠራል። ጠባሳው አነስተኛ መሆኑ እውነት ነው፤ የሕክምናው ወዳጆችም ከዚህ ነጥብ ላይ አብዝተው ይቆማሉ።

የሚያጠያይቀው መለኪያው ነው። በሦስተኛው ወር ከዓይን የጠፋ ባዛል ሴል ካንሰር ድኗል ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ንጽጽር፣ እባጭ መልክ ካላቸው ዕጢዎች መካከል በአምስት ዓመት ውስጥ ያገረሹት በብርሃን ከታከሙት 14 በመቶ፣ በቀዶ ሕክምና ከወጡት 4 በመቶ ነበሩ። ምክንያቱ ስውር አይደለም፤ ብርሃኑም ቅባቱም ከጥቂት ሚሊሜትር በታች አይወርዱም። ላዩ ሲሽር ሥሩ ከታች ሊቀር ይችላል። ቀዶ ሐኪም የዕጢውን ዳርቻ ለፓቶሎጂ ባለሙያ ያስረክባል፤ ብርሃን ግን የሚመረመር ናሙና አይተውም። ከላይ ብቻ በተዘረጋው የካንሰሩ ዓይነት እንኳ፣ በኔዘርላንድ 601 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ከካንሰሩ ነፃ የሆኑት በብርሃን 62.7 በመቶ፣ በኢሚኪሞድ 80.5 በመቶ ነበሩ። ሕመምተኛው በቤቱ የሚቀባው ክሬም መብራቱን በለጠ ማለት ነው። ይህን ውጤት ሳይጠቅስ የሚጻፍ ውዳሴ አንባቢውን ያሳስታል።

በቆዳ ሊሽማኒያሲስ ረገድ የሚጠቀሰው ማስረጃ ይበልጥ ያጓጓል። በኢራን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ጥናት፣ በብርሃን ከታከሙት 31 ቁስሎች 29ኙ ሙሉ በሙሉ ሲሻሻሉ፣ ፓሮሞማይሲን ከተቀቡት 34 ቁስሎች የተሻሻሉት 14 ብቻ ነበሩ። ነገር ግን በኢራን የሚገኙት ጥገኛ ተሕዋስያን ሊሽማኒያ ሜጀር እና ሊሽማኒያ ትሮፒካ ናቸው። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ቁንጭር የሚባለውን ሕመም በአብዛኛው የሚያመጣው ሊሽማኒያ ኤቲዮፒካ ነው፤ ቁስሉ ይወፍራል፣ አፍንጫንና ከንፈርን ይወርሳል፣ አንዳንዴም በመላ ሰውነት ይሰራጫል። በአፍንጫ ውስጥ ያለን ቁስል ከውጭ የሚበራ ብርሃን አያገኘውም፤ በጥቁር ቆዳ ላይም ሜላኒን ከብርሃኑ የተወሰነውን ይውጣል። ስለዚህ የኢራኑን ውጤት እንዳለ ወስዶ ለቁንጭር ማዋል አይገባም። በኢትዮጵያ የሚካሄድ ሙከራ ቢኖር የተሕዋሱን ዓይነት፣ የቁስሉን ውፍረትና የቆዳውን ቀለም መዝግቦ፣ ብርሃኑን ከባዶ ቅባት ጋር ሳይሆን በጤና ተቋማቱ ከሚሰጠው የአንቲሞኒ መርፌ ጋር ማወዳደር ይኖርበታል።