ጦቢያ የለበሰችው የወንድ ልብስ

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል፥ የአገው ፈረሰኞች ፈረሳቸውን ሸልመው በእንጅባራ ሲሰበሰቡ የቆሰበር ሰው ሁሉ ወጥቶ ያያል። በዓሉ በዐድዋ፥ በኋላም በአርበኝነቱ ዘመን ከጌታው ጋራ ለዘመተው ፈረስ ማስታወሻ ነው። ፈረሱ ሊመሰገን ይገባዋል፤ እኔም ከሚያመሰግኑት አንዱ ነኝ። ነገር ግን በቅርቡ ከበዓሉ ስመለስ አንድ አሳብ ከልቤ አልወጣ አለ፤ ይኸውም ፈረሰኛው ከኮርቻው ላይ የቋጠረውን በሶ ፈጭታ የሰጠችው ማን ናት? የሚል ነው። በዚያው ሰሞን በእጄ የነበረው መጽሐፍ ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበረና ጥያቄዬን እንደ ያዝሁ አነበብሁት።

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ መጽሐፉ በአማርኛ ከተጻፉት ልብ ወለዶች የመጀመሪያው ስለ ሆነ ስሙን ያልሰማ የለም። የነገሩም መነሻ ጦርነት ነው። አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ በአረመኔ ንጉሥ ጦር ተሸንፎ ይማረካል፤ አንድ ለጋስ ነጋዴም በሰጠው ገንዘብ ተዋጅቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ልጁ ዋህድ የነጋዴውን ውለታ ለመመለስ ሊፈልገው ወጥቶ በባሪያ ነጋዶች እጅ ይወድቃል። በዚህ ጊዜ መንታ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋራ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ከብዙ መከራ በኋላ ያ አረመኔ ንጉሥ ክርስትና ተነሥቶ እሷን ያገባል፤ ታሪኩም በሠርግ ያልቃል።

የነጋድራስ አማርኛ እንደ ማር የሚጣፍጥ ነው፤ በጣና ዳር በዘጌ የተወለዱ ናቸውና የአገራችን ለዛ በያንዳንዱ ገጽ ይሰማል። ይህን ማንም አይክድም። እኔ የምነቅፈው ልብሱን ነው። ሴት የወንድን ልብስ አትልበስ የሚለውን የኦሪት ቃል የሚያውቅ አንባቢ፥ ነገሩን ለነፍስ ማዳኛ የተደረገ ብልኀት ነው ብሎ ያልፈው ይሆናል፤ መንገዱ ወንበዴ የሞላበት ነውና ያልፈዋል እንጂ ምን ያደርጋል! የእኔ ነቀፋ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ደራሲው ሴት በጦርነት ዘመን ከቤቷ ወጥታ ትልቅ ሥራ ስትሠራ ለማሳየት የቻሉት አስቀድመው ሴትነቷን ከሸፈኑ በኋላ ነው። ልብሱን ስታወልቅ ደግሞ የሚጠብቃት ሥራ የለም፤ የሚጠብቃት ባል ነው። ዮዲት ወደ ሆሎፎርኒስ ሠፈር የወጣችው የሴት ጌጧን አጊጣ ነበር። ዲቦራም በእስራኤል ላይ ስትፈርድ ማንንም አልመሰለችም።

እንግዲህ ልብ ወለዱን ትተን ወደ ታሪኩ እንመለስ። በዱሮው ዘመን የኢትዮጵያ ጦር ስንቅ የሚያቀርብለት መሥሪያ ቤት አልነበረውም። ወታደሩ የሚበላው ሚስቱ ወይም ገረዱ ተሸክማ የተከተለችውን ነው። ቀን ከጦሩ ኋላ ትጓዛለች፤ ሲሠፈር ውሃ ትቀዳለች፥ እንጨት ትለቅማለች፥ ትፈጫለች፥ ትጋግራለች፤ ሰው ሲቆስልም ታስታምማለች። በዐድዋ ዘመቻ እቴጌ ጣይቱ ብጡል የራሳቸውን ጦር ይዘው እንደ ዘመቱ፥ በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ የጠላት ምሽግ ከውሃው እንዲቆረጥ እንደ መከሩ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ጋን ተሸክማ ከሸዋ እስከ ትግራይ በእግሯ የሄደችውን ግን በስሟ የሚያውቃት የለም። ጦቢያ በተጻፈች ጊዜ ዐድዋ ገና 12 ዓመቱ ነበረ፤ ነጋድራስ እንዲህ ያለችቱን ሴት ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም ነበር።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ከዚህ አለፈ። የደጃዝማች አበራ ካሣ ባለቤት ወይዘሮ ከበደች ሥዩም፥ ባላቸው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በፍቼ ከተገደሉ በኋላ ልጆቻቸውን ይዘው በዱር ጦር መርተዋል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ በከተማ ተቀምጠው አርበኞችን ሲረዱ ተይዘው ወደ ኢጣልያ ተግዘው በአዚናራ ደሴት ታሰሩ፤ ከተመለሱም በኋላ እንደ ገና ከአርበኞች ጋራ ተሰለፉ። ወይዘሮ ልኬለሽ በያን ሕፃን ልጃቸውን አዝለው ተዋጉ። ልጅ ያዘለችን ሴት ወንድ መስላ ሄደች የሚል ማን ነው?

የሚል ግን አልጠፋም። እስከ ዛሬ ድረስ ጀግናይቱን ለማመስገን ስንፈልግ «እሷ እኮ ወንድ ናት» እንላለን። አባቶቻችን ያወረሱን «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል ተረትም አለ። ይህ ምስጋና ከጦቢያ ልብስ በምን ይለያል? ሴቲቱ የሠራችውን ሥራ ወስደን ለወንድ እንሰጥና ስሙን ብቻ ለእሷ እናከራያታለን። ይህን ስጽፍ ራሴንም እከሳለሁ። አያቴ ስለዚያ ዘመን ስታጫውተን ገብስ እየቆላች ሌሊት ሌሊት በሶ ስትፈጭ፥ ወፍጮው እንዳይሰማ ከበታቹ ጨርቅ ታነጥፍ እንደ ነበረ ትነግረን ነበር። እኛ ልጆች ግን የአያታችን የወንዱ ጠመንጃ ስንት ጎራሽ እንደ ነበረ ነበር የምንጠይቃት። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጠላት ዳንግላንና እንጅባራን ለቅቆ ሲወጣ ያ በሶ ድርሻ አልነበረውምን?

የነጋድራስ የራሳቸው ፍጻሜ የሚያሳዝን ነው። የጦቢያ ደራሲ በወረራው ዘመን ከጠላት ጋራ አድረው «አፈ ቄሣር» ተባሉ። በመጽሐፋቸው ውስጥ የአገሪቱን ስም የሰጧት ልጅ ከአባቷ ጋራ ወንድሟን ፍለጋ ስትንከራተት፥ እሳቸው ወዴት እንደ ሄዱ እናውቃለን። ስለዚህ መጽሐፉን አንጥለውም፤ ቋንቋው የሁላችን ነው።

ከዚህ በኋላ የምንመለከተው ሌላ መጽሐፍ ነው። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በስዊስና በፈረንሳይ ተምረው የተመለሱ፥ ጦርነቱ ሲመጣ በጎሬ ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋራ የነበሩ፥ ኋላም ተማርከው በአዚናራ የታሰሩ ሴት ናቸው። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል፤ በ1942 ዓ.ም. ግጥምና ተውኔት ያለበትን «የልቤ መጽሐፍ» አሳተሙ። ልብ በሉ፤ ርእሱ ጌጥ የለበትም፥ የማንንም ልብስ አልተዋሰም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ሲሰጥ፥ በ1950 ዓ.ም. በሕዝብ ተመርጠው ወደ ፓርላማ የገቡት የመጀመሪያይቱ ሴት እሳቸው ነበሩ።

በሌላውም ዓለም ጦርነት እንዲህ ያለውን በር ሲከፍት ታይቷል። በእንግሊዝ አገር ከ30 ዓመት በላይ የሆናቸው ሴቶች እንዲመርጡ የተፈቀደው በ1910 ዓ.ም.፥ ታላቁ ጦርነት ሳያልቅ ነው፤ የፈረንሳይ ሴቶች በ1937፥ የወራሪያችን የኢጣልያ ሴቶችም በ1938 ዓ.ም. ይህን መብት በሥራ ለማዋል የቻሉት ከሁለተኛው ጦርነት የተነሣ ነው። ጦርነት ያልገባባት ስዊስ፥ ወይዘሮ ስንዱን ያስተማረችው አገር፥ ለሴቶቿ በአገር ምርጫ ድምፅ የሰጠችው በ1963 ዓ.ም. ነው፤ ተማሪዋ በአዲስ አበባ ፓርላማ ከገባች 13 ዓመት ያህል ቆይታ! ይህን ስል ጦርነትን ማመስገኔ አይደለም። የከበደች ሥዩምን ባል ሞት፥ የስንዱን እስር ማን ያመሰግናል? ደግሞም በሩ ለጥቂቶች ተከፈተ እንጂ በሶ ፈጭታ ያቀበለችው ሴት ነጻነት ሲመለስ ወደዚያው ወፍጮ ተመልሳለች።

በዚህ በቆሰበር ጦቢያን ያነበበ ተማሪ ብጠይቅ አላጣም፤ ስለ ዋህድና ስለ ነጋዴውም በቃሉ ያጫውተኛል። የወይዘሮ ስንዱን መጽሐፍ በዓይኑ ያየ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። መምህራን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ቢያስነብቡ፥ ከወንድ ልብስ ውጭ ያለችውን ሴት ተማሪው ራሱ ፈልጎ ያገኛታል።