የሞሎካይ ካህንና ሕሙማኑ

«ሞሎካይ» በ1999 እ.ኤ.አ. በፖል ኮክስ ዳይሬክተርነት የተሠራ ፊልም ነው። ቤልጅየማዊው አባ ዳሚየን በ1873 ሐዋይ ውስጥ ወዳለው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር ሄደው፣ በዚያው ደዌ ተይዘው በ1889 እስኪሞቱ ያለውን ይተርካል። ዴቪድ ዌንሃም የካህኑን ደግነት ብቻ ሳይሆን ግትርነታቸውንም ስላሳየን አመንኩት። መርከቡ ላይ መውጣት ተከልክለው፣ ከጀልባ ሆነው ኃጢአታቸውን እየጮኹ ሲናዘዙ ብቸኝነታቸው ያንገበግባል።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ሕሙማኑን ከቤተሰባቸው የነጠለው ሕግ በ1865 ወጥቶ እስከ 1969 ዘልቋል። ከፊልሙ ሕሙማን ጎልቶ የሚታወሰኝ ግን ፒተር ኦቱል የተጫወተው እንግሊዛዊ ነው። ሐዋያውያኑ አጃቢ ሆነው ቀርተዋል። ፊልሙ እዚያው መንደር ሲቀረጽ የተሳተፉ እውነተኛ ሕሙማንም ነበሩ። ካሜራው እነሱ ዘንድ ጥቂት ቢቆይ፣ ቅዱሱ አይጎድሉም፤ ሰዎቹ ግን ይሞሉ ነበር።